«ለምን አሁን? ብንጠብቅስ?» — ወላድ እናቶቻችን በአሜሪካ ሆስፒታሎች

ነፍሰ ጡር ሴት ባየን ቁጥር «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» እንላለን። ሙስሊም ወገኖቻችንም በዱዓቸው ይህንኑ ይለምናሉ። ምርቃቱ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። በአገራችን ምጥ ማለት አንድ እግርን መቃብር አፋፍ ላይ አሳርፎ መመለስ ስለሆነ ነው። ወደ አሜሪካ ስንመጣ ግን ይህ ፍርሃት ከላያችን የወረደ ይመስለናል። ሆስፒታሉ ቅርብ ነው፣ ደሙ አለ፣ ቀዶ ሐኪሙ አለ፣ ማሽኑ አለ። «እዚህማ ምን ትሆናለች!» እንላለን።

እዚህም ችግር አለ፤ ዓይነቱ ግን ሌላ ነው። እዚያ እናት የምትጎዳው በአብዛኛው ሕክምናው ሳይደርስላት ሲቀር ነው። እዚህ ደግሞ ሳያስፈልጋት ወይም ጊዜው ሳይደርስ በሚደረግላት ሕክምና የምትጎዳ እናት አለች። በ2016 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ አንድ ጽሑፍ ሁለቱን ችግሮች ጎን ለጎን አስቀምጧቸዋል፤ አንዱን «በጣም ጥቂት፣ በጣም ዘግይቶ»፣ ሌላውን «በጣም ብዙ፣ በጣም ቀድሞ» ብሎ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) እኛ ስደተኞች ከመጀመሪያው ችግር ሸሽተን መጥተን ሁለተኛውን ሳናውቀው ገብተንበታል።

የምለው ነገር አጭር ነው። ሆስፒታል ሂዱ፤ ግን ስትሄዱ አፍ አውጥታችሁ ለመጠየቅ ተዘጋጅታችሁ ሂዱ።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። የሶፍትዌር መሐንዲስ ነኝ፤ ማስተርሴን ስዊድን ተምሬ አሁን ሜሪላንድ የምኖር የሁለት ልጆች አባት ነኝ። የዕለት እንጀራዬ ቁጥር ማንበብና «ይህ አላርም እውነት ነው ወይስ የውሸት?» ብሎ መጠየቅ ነው። ከዚህ ቀጥሎ የምጽፈው የትኛዋም እናት ከሐኪሟ ጋር የምታደርገውን ውይይት አይተካም። ውይይቱ እንዲኖር ግን ይረዳል ብዬ አምናለሁ።

መጀመሪያ ውለታውን እንናገር

በኦፕራሲዮን መውለድን የሚያጥላላ ሰው ካጋጠማችሁ አዲስ አበባ ያለውን የፌስቱላ ሆስፒታል አስታውሱት። ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጅ ሐምሊን በ1959 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው፣ በ1974 ሆስፒታሉን የከፈቱት ምጥ ለቀናት አልወጣ ብሏቸው የተጎዱ እህቶቻችንን ለማከም ነው። ሕፃኑ መውጫ ሲያጣ ጭንቅላቱ የእናቲቱን ገላ ጨቁኖ ደም እንዳይደርሰው ያደርጋል፤ ገላው ሞቶ ይቀደዳል። ልጁ ብዙውን ጊዜ ይሞታል፣ እናቲቱ ሽንቷን መቆጣጠር ያቅታትና ከሰው ትገለላለች። ይህ ሁሉ በጊዜው በሚደረግ ኦፕራሲዮን የሚቀር ነው።

በ2016 በኢትዮጵያ የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው በአገር ደረጃ በኦፕራሲዮን የተወለዱት ከመቶ 2 ገደማ ብቻ ነበሩ። በአዲስ አበባ ግን ከመቶ 21 ነበር። በአንድ አገር ውስጥ በገጠር ያለችው እናት ሐኪም አጥታ ስትሞት፣ ከተማ ያለችው ደግሞ ወደ ሌላኛው ጽንፍ እያመራች ነው ማለት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ባወጣው መግለጫ፣ በአንድ አገር የኦፕራሲዮን ወሊድ ቁጥር ወደ 10 ከመቶ እስኪደርስ ድረስ የእናቶችና የጨቅላዎች ሞት እንደሚቀንስ፣ ከዚያ በላይ ሲሄድ ግን የሞት መቀነስ እንደማይታይ አስታውቋል። ልብ በሉ፤ ይህ የሕዝብ ስሌት ነው። ለአንዲት እናት የሚያስፈልጋት ከሆነ ያስፈልጋታል፤ ከመቶ ስንት የሚባል ነገር የለም።

አሜሪካስ?

በ1970 በአሜሪካ በኦፕራሲዮን የሚወልዱት ከመቶ 5 ገደማ ነበሩ። ዛሬ 32 ናቸው፤ ከሦስት እናቶች አንዷ ማለት ነው። እኔ በተማርኩባት ስዊድን ከአምስት አንዷ ገደማ ነች። እዚያ ጤናማ ምጥን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የምትመራው አዋላጅ ነርስ ስትሆን ሐኪም የሚጠራው ችግር ሲኖር ነው። ሆኖም የስዊድን እናቶች ከአሜሪካ እናቶች በብዙ እጥፍ ባነሰ ቁጥር ነው የሚሞቱት።

ለእኛ የባሰው ይህ ነው። በ2023 በአሜሪካ ከ100,000 በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት አንጻር የሞቱት ጥቁር እናቶች 50 ገደማ ሲሆኑ፣ ነጮቹ 14 ወይም 15 ናቸው። ይህ ሁሉ በኦፕራሲዮን የመጣ ነው አልልም፤ ደም ግፊቱ፣ የልብ በሽታው፣ ኢንሹራንሱ፣ ንቀቱም አለበት። ነገር ግን ሆስፒታል ስንገባ «ሐበሻ» ተብለን አይደለም የምንመዘገበው። የሚጻፍልን «ጥቁር» ተብሎ ነው።

እኔን በጣም ያስደነገጠኝ ቁጥር ግን ሌላ ነው። በ2013 የወጣ አንድ ጥናት በመላው አሜሪካ የሚገኙ 593 ሆስፒታሎችን አወዳድሮ ነበር። በአንዱ ሆስፒታል በኦፕራሲዮን የወለዱት ከመቶ 7 ሲሆኑ በሌላው ከመቶ 70 ደረሱ። «የታመሙት ወደ አንዱ ሆስፒታል ስለሚበዙ ይሆናል» ትሉ ይሆናል። አጥኚዎቹም ይህን ጠርጥረው ጤነኛና ቀላል እርግዝና የነበራቸውን እናቶች ብቻ ለይተው አዩ። ልዩነቱ አልጠበበም፤ ይባስ ብሎ ሰፋ። በአንዱ ከመቶ ሁለት፣ በሌላው ከመቶ 36። የእናቶች ማሕፀን ከከተማ ከተማ እንዲህ አይለያይም። የሚለያየው የሆስፒታሉ ልማድ ነው። ስለዚህ አንዲት ጤነኛ እናት ትቀደድ አትቀደድ የሚወስነው አንድ ትልቅ ነገር የገባችበት በር ነው።

የማይዘጋው አላርም

እኛ ቤት፣ ማለትም በሶፍትዌር ሥራ፣ ሲስተሙን ቀን ከሌት የሚጠብቅ ፕሮግራም አለ። ችግር ያየ ሲመስለው ተረኛውን መሐንዲስ በሌሊት በስልክ ይቀሰቅሰዋል። አላርሙን ለትንሹም ለትልቁም እንዲጮህ ካደረግነው ምን እንደሚሆን ማንኛውም መሐንዲስ ያውቃል። ከመቶ ጩኸት 99ኙ የውሸት ይሆናል፤ ተረኛውም ወይ መስማት ያቆማል፣ ወይ በየጩኸቱ ሲስተሙን አጥፍቶ እንደገና ያስነሳል።

በማዋለጃ ክፍል ውስጥ ያለው ማሽን፣ በእናቲቱ ሆድ ላይ በቀበቶ ታስሮ የሕፃኑን የልብ ምት ያለማቋረጥ የሚመዘግበው፣ እንዲህ ያለ ጠባይ አለው። ማሽኑ በ1970ዎቹ በየሆስፒታሉ የተስፋፋው ጥቅሙ በትልልቅ ጥናቶች ከመረጋገጡ በፊት ነበር። በኋላ ጥናቶቹ መጡ። ያለማቋረጥ በማሽን መከታተልን፣ አዋላጇ በየተወሰነ ደቂቃ የልብ ምቱን በጆሮዋ ከመስማቷ ጋር ሲያወዳድሩት ውጤቱ እንዲህ ሆነ። በጨቅላዎች ላይ የሚታየው መንቀጥቀጥ በግማሽ ቀነሰ፤ ይህ እውነተኛ ጥቅም ነው፣ ነገር ግን መንቀጥቀጡ ራሱ በጣም አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ነው። የሕፃናት ሞት አልቀነሰም። በአንጎል ጉዳት የሚመጣው የአካል ጉዳት፣ ሴሬብራል ፓልሲ የሚባለው፣ አልቀነሰም። የጨመረው ኦፕራሲዮን ነው፤ በ60 ከመቶ ገደማ።

በ1996 ካሊፎርኒያ ላይ የተሠራ ጥናት ደግሞ ማሽኑ «አደጋ» ብሎ ከመዘገባቸው ሕፃናት 99.8 ከመቶ የሚሆኑት ያ የተፈራው ጉዳት እንዳልደረሰባቸው አሳየ። ማሽኑ ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። ደም ግፊት ወይም ስኳር ላለባት፣ ምጥ በመድኃኒት ለተጀመረላት፣ ቀደም ሲል ኦፕራሲዮን ለነበራት እናት ያስፈልጋል። ጤነኛ ሆና ምጧ በራሱ ለመጣ እናት ግን የአሜሪካ የማሕፀንና ፅንስ ሐኪሞች ማኅበር ራሱ በየተወሰነ ጊዜ እየሰሙ መከታተል ተገቢ አማራጭ እንደሆነ ይናገራል። ይህን ከመካከላችን የሰማ ስንት ሰው አለ? ማሽኑን አስረው አልጋ ላይ ሲያስተኟት «ግድ ነው?» ብላ የጠየቀችስ?

ሐኪሞቹ ክፉ ስለሆኑ አይደለም። ሐኪም ኦፕራሲዮን በማድረጉ የሚከሰሰው አልፎ አልፎ ነው፤ ባለማድረጉ ወይም በማዘግየቱ ግን የክስ ዶሴ ይከፈትበታል። ያ አላርም የመዘገበው ወረቀት ፍርድ ቤት ይቀርባል። እንዲህ ባለ ሥርዓት ውስጥ ተረኛው በየጩኸቱ ቢላ ቢያነሳ አይገርምም። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን የማደርገውን አላውቅም።

ስለ ትዕግሥት

በኛ ሰው ዘንድ ብዙ ወሬ አለና ላጥራው። «ኤፒዱራል የተወጋች ኦፕራሲዮን አይቀርላትም» ይባላል፤ ጥናቶች ይህን አይደግፉም። «ምጥ በመድኃኒት ከተጀመረ መጨረሻው ቢላ ነው» ይባላል፤ ይህም እንደሚወራው አይደለም። በ2018 የወጣ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት፣ የመጀመሪያ ልጃቸውን የሚወልዱ ጤነኛ እናቶች በ39ኛው ሳምንት ምጥ ሲጀመርላቸው በኦፕራሲዮን የወለዱት ከመቶ 18.6፣ ሲጠበቁ ደግሞ 22.2 መሆናቸውን አሳይቷል። በጭፍን «መድኃኒት አልፈልግም» ማለትም መልስ አይደለም ማለት ነው።

ትልቁ ጉዳይ ከተጀመረ በኋላ ያለው ትዕግሥት ነው። የሐኪሞቹ ማኅበር በ2014 ባወጣው መመሪያ የማሕፀን በር 6 ሴንቲ ሜትር ሳይከፈት «ምጡ ቆሟል» ብሎ ወደ ኦፕራሲዮን መሄድ እንደማይገባ፣ በመድኃኒት የተጀመረ ምጥም በመነሻው 24 ሰዓትና ከዚያ በላይ ሊፈጅ እንደሚችል፣ የመጀመሪያ ልጇን የምትወልድ እናት ቢያንስ ሦስት ሰዓት የመግፋት ዕድል ሊሰጣት እንደሚገባ ተናግሯል። ይህ ሁሉ እናትና ልጅ ደህና እስከሆኑ ድረስ ነው።

የእኛ የመጀመሪያ ልጅ በ2016፣ መመሪያው ከወጣ ከሁለት ዓመት በኋላ ተወለደ። ባለቤቴ 5 ሴንቲ ሜትር ላይ ሳለች፣ የእሷም የልጁም ሁኔታ ደህና እንደሆነ እየተነገረን፣ «ምጡ ቆሟል» ተብሎ የፈቃድ ወረቀት ቀረበላት። ሆስፒታሉን አልጠቅስም፤ ነገሩ የአንድ ሆስፒታል ብቻ አይደለምና።

የመጀመሪያው ኦፕራሲዮን ሒሳብ በኋላ ይመጣል

«ምን አለበት፣ ልጁ በደህና ወጣ አይደል?» ይባላል። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አብዛኛው ሰው በደህና ይወጣል። ነገር ግን ኦፕራሲዮን ትልቅ ቀዶ ሕክምና ነው፤ የደም መፍሰስ፣ ኢንፌክሽንና የደም መርጋት አደጋ አለው። ዋናው ሒሳብ ደግሞ በሚቀጥለው እርግዝና ነው የሚመጣው። የእንግዴ ልጁ በድሮው ጠባሳ ላይ ተጣብቆ ሥር ሊሰድና አልላቀቅ ሊል ይችላል፤ ያኔ እናቲቱ በደቂቃዎች ብዙ ደም ታጣለች፣ ብዙ ጊዜም ማሕፀኗ ይወጣል። የእንግዴ ልጃቸው የማሕፀንን በር በዘጋባቸው እናቶች ላይ የተደረገ ጥናት ይህ አደጋ በመጀመሪያው ኦፕራሲዮን ከመቶ 3፣ በሁለተኛው 11፣ በሦስተኛው 40፣ በአራተኛው 61 እንደሚደርስ አሳይቷል።

አራት አምስት ልጅ ለሚያስብ ቤተሰብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ነገ አገሯ ተመልሳ፣ የደም ባንክ በሌለበት ከተማ ልትወልድ ለምትችል እናትም እንዲሁ። አንዴ በኦፕራሲዮን ከወለዱት የአሜሪካ እናቶች በሚቀጥለው በተፈጥሮ መንገድ የሚወልዱት ከመቶ 15 ገደማ ብቻ ናቸው። ለመሞከር ዕድል ካገኙት ግን ከመቶ ከ60 እስከ 80 የሚሆኑት ይሳካላቸዋል። ሙከራውም የራሱ አደጋ አለው፤ ከመቶ ከአንድ ባነሱት ላይ ማሕፀኑ በጠባሳው ሊተረተር ይችላል። ስለዚህ የሚሞከረው አስቸኳይ ኦፕራሲዮን ማድረግ በሚችል ሆስፒታል ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ሙያዬን የነካ ነገር ልንገራችሁ። በ2019 ሁለተኛውን ልጅ ስታረግዝ አንድ ሐኪም የባለቤቴን ዕድል በኮምፒዩተር አሰላላት። ዕድሜ፣ ክብደት፣ ያለፈው ኦፕራሲዮን ምክንያት። ከዚያ አንድ ሳጥን መጣ፤ «አፍሪካዊ አሜሪካዊት ነች? አዎ ወይስ አይደለም»። «አዎ» ሲባል ቁጥሩ በአንድ ጠቅታ ከአሥር ነጥብ በላይ ወረደ። «ይሄ ምንድን ነው?» ስል «ስታቲስቲክስ ነው» ተባልኩ።

ስታቲስቲክሱን አምናለሁ። የማላምነው ትርጉሙን ነው። ያ ስሌት የተሠራው ቀደም ሲል ጥቁር እናቶች በየሆስፒታሉ ምን እንደገጠማቸው ከሚያሳይ መረጃ ነው። ትዕግሥት የተነፈጋቸው እናቶች ያነሰ ከተሳካላቸው ኮምፒዩተሩ «እነዚህ አይሳካላቸውም» ብሎ ይማራል። ሐኪሙ ቁጥሩን አይቶ «አትሞክሪ» ይላታል። ያልሞከረችው ደግሞ ስሌቱን እውነት ታስመስለዋለች። በኛ ሙያ ይህ ትናንትን ለነገ አድርጎ መሸጥ ነው። ተመራማሪዎችም ይህን አንስተው ተከራከሩ፤ በ2021 ዘርን ያወጣ አዲስ ስሌት ታተመ። ትክክለኛነቱም አልቀነሰም። ሳጥኑ ድሮም አያስፈልግም ነበር ማለት ነው።

ሐኪም ቀየርን። አዲሷ ሐኪም ሙከራውን ፈቀደች፤ ከብዙ ሰዓት ምጥ በኋላ የልጁ የልብ ምት ወርዶ አልመለስ ሲል ጎኗን አገላብጣ፣ ፈሳሽ ሰጥታ፣ የሆነውን አንድ በአንድ አሳይታን ወደ ኦፕራሲዮን ገባን። ስለዚህ ባለቤቴ ሁለቱንም ልጆች የወለደችው በቢላ ነው። ሆኖም ስለ መጀመሪያው ስታወራ «ቀደዱኝ» ትላለች፤ ስለ ሁለተኛው ስታወራ «ወለድኩ» ነው የምትለው። ልዩነቱ መጠየቋና መልስ ማግኘቷ ነበር።

የእኛ ዝምታ

ሐኪም ማክበር ጥሩ ባህል ነው። ግን አክብሮትን ዝምታ አድርገነዋል። «ዶክተሩ ያለው ይሁን» እንላለን። ቋንቋው ሲጨመርበት ደግሞ የባሰ ነው። እህታችን በምጥ ላይ ሆና እንግሊዝኛ ይጠፋባታል፤ ባል ያስተረጉማል፣ እሱም የሕክምናውን ቃል አያውቀውም፣ ይደነግጣል፣ «ፈርሚ» ይላታል። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግም ሆነ ኦባማኬር የሚባለው ሕግ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ነፃ አስተርጓሚ እንዲያቀርብ ያስገድዳሉ። በዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ ከ2004 ጀምሮ ባለ የቋንቋ ሕግ መሠረት አማርኛ የመንግሥት አገልግሎት ከሚሰጥባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። አስተርጓሚ መጠየቅ ልመና አይደለም፣ መብት ነው። ባል እጇን ይያዝ እንጂ አስተርጓሚ አይሁን።

ሌላም የራሳችን ሀብት ነበረን። በአገራችን ምጥ የያዛትን ሴት ብቻዋን የሚተው የለም፤ እናት፣ አክስት፣ ጎረቤት ይከቧታል። ፈረንጆቹ ይህን አጥንተውት ከ15,000 በላይ እናቶች በተሳተፉባቸው ጥናቶች፣ አብራት የምትቆይ ደጋፊ ያላት እናት በኦፕራሲዮን የመውለዷ ዕድል እንደሚቀንስና ምጧም እንደሚያጥር አረጋገጡ። ለዚህ የሠለጠነች ባለሙያም አለቻቸው፤ ስሟ «ዱላ» ነው። በኛ ቋንቋ ስሙ ባያምርም ሥራዋ ያምራል። በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያ፣ በዲሲ፣ በሚኒሶታና በሌሎችም ግዛቶች ሜዲኬይድ ይከፍልላታል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ሆስፒታሉን ከመምረጣችሁ በፊት «የመጀመሪያ ልጃቸውን ከሚወልዱ ጤነኛ እናቶች ከመቶ ስንቱን ኦፕራሲዮን ታደርጋላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። አገሪቱ ለ2030 የያዘችው ግብ ከ23.6 ከመቶ እንዳይበልጥ ነው። ካሊፎርኒያ የየሆስፒታሉን ቁጥር ይፋ እያደረገችና ሐኪሞቹን እያሠለጠነች ይህን ቁጥር በ2014 ከነበረበት 26 ከመቶ በ2019 ወደ 22.8 አውርዳለች፤ ሕፃናቱም በዚህ ምክንያት አልተጎዱም። የሚቻል ነገር ነው።

ሁለተኛ፣ በምጥ ጊዜ ማንኛውም ነገር ሲቀርብላችሁ አራት ጥያቄ ያዙ። ይህ አስቸኳይ ነው ወይስ ለመነጋገር ጊዜ አለን? ለምን አሁን? ሌላ አማራጭ አለ? አንድ ሰዓት ብንጠብቅስ ምን ይሆናል? እውነተኛ አደጋ ከሆነ ሐኪሙ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይነግራችኋል፤ ያኔ አታመንቱ፣ ግቡ። አደጋ ካልሆነ ጥያቄው ራሱ ጊዜ ይገዛላችኋል።

ሦስተኛ፣ ቤተ ክርስቲያኖቻችን፣ መስጊዶቻችንና የኮሚዩኒቲ ማኅበሮቻችን ለቤት ግዢና ለታክስ ስብሰባ እንደሚጠሩን ሁሉ ለነፍሰ ጡሮችና ለባሎቻቸውም አንድ ቅዳሜ ይስጡ። በመካከላችን አዋላጆች፣ ነርሶችና ሐኪሞች ሞልተዋል። ከሥራ ገበታቸው ውጭ በቋንቋችን ቢነግሩን ብዙ እህቶች ፈርመው የገቡበትን ነገር ገብቷቸው ይፈርማሉ።

«ታዲያ ቤት እንውለድ ነው የምትለው?» የሚለኝ አይጠፋም። አይደለም። ያንን ከአገራችን እናቶች በላይ ዋጋ የከፈለበት የለም። እኔ የምለው፣ አያቶቻችን ያላገኙትን ሐኪም ካገኘን ዘንድ ዝም ብለን አንየው፤ እናነጋግረው።

ቸር ይግጠመን።